«አልታየም?» ያለው ስልክ

ምክትል ኢንስፔክተር ይርገዱ ደጋ ምንጭ ቀበሌ ስትደርስ ከፈኑ ተቆርጦ፣ የማጠቢያው ውሃ ለብ ብሎ ነበር። ዕለቱ ረቡዕ፣ ወሩ ኅዳር፣ ዓመቱ 2008 ነው። ከመካነ ሰላም ድረስ በሞተር ብስክሌት መጥታ ከንፈሯ በብርድ ተሰነጣጥቋል። ወንድ ፖሊስ ቢሆን ኖሮ ከደጅ ይመለስ ነበር፤ እሷን ግን ሴት ናትና እሜት ፈዲላ፣ የሟች አማት፣ በሩን ገርበብ አድርገው አስገቧት።

«ቶሎ እዪና ውጪ ልጄ፤ ጀናዛ ሳይቀበር አይቆይም።»

ባሲማ መደቡ ላይ ተጋድማለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ማክሰኞ ጀንበር ሳትጠልቅ፣ ወደ ሆስፒታል በቃሬዛ ስትወሰድ፣ መንገድ ላይ አለፈች። ይርገዱ ፊቷን አየች፣ ጥፍሮቿን አየች። ነጭ ናቸው። ቁስል የለም፣ የእጅ ምልክት የለም። ከጥግ ግን የጨርቅ ክምር አለ፤ ሁለት ጋቢ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ የተቀደደ ነጠላ፤ ሁሉም በደም ደርቆ ቆርፍዷል።

«ይሄ ሁሉ የሷ ነው?»

«የሷ ነው። ሌላም ነበር፣ አጠብነው።»

«ደሙ መቼ ጀመረ፣ እሜቴ?»

እሜት ፈዲላ አላመነቱም። «ቀትር ላይ የዙህር አዛን ሲሰማ ሁለተኛውን ጨርቅ እየቀየርኩላት ነበር። በወሊድ የሞተች ሸሂድ፣ ሰማዕት ናት ይላሉ፤ አላህ ይቀበላት። የኔ ልብ ግን እሺ አላለም ልጄ። እምቢ አለ።»

ደጅ ላይ የሟች ባል ሰዲቅ ቆሟል፤ አጠገቡ አባቱ ሸህ ሷሊህ፣ የሰፈሩን ልጆች ቁርአን የሚያስቀሩት ሽማግሌ፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሰዲቅ ይርገዱን ሲያይ ለቅሶውን ውጦ ጮኸ።

«አልታየች ናት የገደለችብኝ! እናንተ ደግሞ እዚህ ምን ትፈልጋላችሁ? ስልኳ ራሱ ይመሰክርባታል!»

አልታየች የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ሌሊቱ ሲነጋ ፖሊስ ይዟት ጣቢያ ገብታለች። በሕጉ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለባት፤ ይኸውም ዓርብ ጠዋት ነው። ይርገዱ እስከዚያ የምታቀርበው ነገር ከሌላት አልታየች በሰው ሞት ተከሳ ወህኒ ትወርዳለች።

የስልኩን ነገር ያነሳው ሰዲቅ ብቻውን አልነበረም። ከአጥሩ ጥግ የፕሮጀክት ሰደርያ የለበሰ፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ወረቀት ይዞ ቀረበ። በእውቀቱ ይባላል። «የእናት ጋሻ» የተባለውን የስልክ መተግበሪያ ለወረዳው ጤና ሠራተኞች ያደለው ፕሮጀክት አስተባባሪ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሠራተኛዋ የወላዷን ሁኔታ እየተጠየቀች «አዎ» ወይም «አይ» ትነካለች፤ ስልኩ በመጨረሻ ቀይ ወይም አረንጓዴ ያሳያል። ቀይ ከሆነ የፕሮጀክቱ አምቡላንስ ይነሳል። አረንጓዴ ከሆነ እቤት ትቆይ ነው።

«እህቴ፣ ሐዘን ላይ እንዲህ ማለት ከብዶኛል» አለ በእውቀቱ። «ግን እዪው። ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ከአርባ። ጥያቄ አራት፣ ከባድ የደም መፍሰስ፤ የሠራተኛዋ መልስ፣ የለም። ወይ ሳታያት ሞልታለች፣ ወይ ዋሽታለች። ባልየውም ቢሆን ቶሎ ባለመምጣቱ የሚታማ አለ፤ እሱን እናንተ ታውቃላችሁ።»

ሰዲቅ ዘወር ብሎ አየው። ይርገዱም አየችው። ገና ያልተቀበረች ሴት ደጃፍ ላይ ቆሞ ጣቱን ሁለት ቦታ የሚቀስር ሰው ደሟን አፈላው፤ ግን ወረቀቱን ተቀበለች።

*

አልታየች ጣቢያው አግዳሚ ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። በነጭ ጋዋኗ እጅጌ ላይ የባሲማ ደም አለ።

«ደም እየፈሰሳት የለም ብለሽ ሞላሽ» አለች ይርገዱ፣ ሳትቀመጥ።

«እኔ? እኔ የለም አልኩ? ቤቱ በደም ርሶ!»

«እንግዲያው ስልኩ ምን ብሎ ጠየቀሽ?»

«ስለ ደም ነዋ።»

«ቃሉን ነው የምፈልገው። አንድ ሳትቀንሺ።»

«'ከባድ የደም መፍሰስ አልታየም?' አለኝ። 'አይ' አልኩት። እንዴት አልታየም! ከዚያ አረንጓዴ ሆነ። ግራ ገባኝ። ፕሮጀክቱ ጋ ደወልኩ፤ አረንጓዴ ከሆነ አምቡላንስ አይነሳም አሉኝ። እንደገና ደወልኩ። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ገበያ ነበር። ዘጠኝ ተኩል ላይ ሲመለሱ ቃሬዛ ሠራን።»

ይርገዱ የተያዘውን ስልክ ከመሳቢያ አውጥታ አፑን ከፈተች። ጥያቄ አራት ጋ ስትደርስ ስልኩን አዙራ አሳየቻት። እንዲህ ይላል፤ «ከባድ የደም መፍሰስ ታይቷል?»

አልታየች አነበበች። ደግማ አነበበች።

«ይሄ አይደለም። ወላሂ ይሄ አይደለም! በማርያም! በሁለቱም እምላለሁ!»

«በሁለቱም አትማዪ። ስልኩ እጄ ላይ ነው።»

ይርገዱ በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች። የሞተችው ልጅ ጥፍሮች ከዓይኗ አልጠፉም፤ ውሸት የሰማች መሰላትና ተቃጠለች።

*

የፕሮጀክቱ ግቢ ውስጥ ሹፌሩ ንጉሡ አምቡላንሷን በጨርቅ ይወለውላል። የጸዳች መኪና ናት፤ ጎማዋ ላይ ጭቃ እንኳ የለም።

«ኢንስፔክተር፣ ያቺ 'አልታየም' ታሰረች የሚሉት እውነት ነው?»

«ማን?»

«አልታየች ነቻ። እኛ 'አልታየም' ነው የምንላት። መስከረም ላይ ስልኩን ስንሠለጥን 'አልታየም?' የሚል ጥያቄ በመጣ ቁጥር አዳራሹ በሙሉ 'አልታየች፣ ተጠራሽ! ተነሺ!' እያለ ይስቃል። እሷም 'አቤት' ትላለች። ይኸው ስሟ ሆኖ ቀረ።»

ይርገዱ እግሯ ቆመ። ሰው በሌለ ቃል ቅጽል ስም አይወጣለትም። መስከረም ላይ ስልኩ «አልታየም?» ብሎ ከነበረ፣ ዛሬ «ታይቷል?» የሚለው አንድ ሰው በመሃል ነክቶት ነው። አልታየች አልዋሸችም። ይርገዱ የዘጋችውን በር አስታውሳ አፈረች፤ ከዚያ ንዴቷ ቦታ ቀየረ።

«ማክሰኞ አልታየች ደውላ ነበር?»

ንጉሡ ዓይኑ ወደ ቢሮው መስኮት ሄዶ ተመለሰ። ጨርቁን ጨመቀ። «እኔ ሹፌር ነኝ። ቀይ ከመጣ እነዳለሁ፣ ቀይ ካልመጣ እቆማለሁ።»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

«ልጆች አሉኝ፣ ኢንስፔክተር» አለና መኪናዋን መወልወሉን ቀጠለ።

በእውቀቱ ቢሮው ውስጥ ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ግድግዳው ላይ ገና ያልተሰቀለ፣ ጽሑፍ ያለበት ሰንደቅ ተጠቅልሎ ተደግፏል። ረቡዕ ከላይ እንግዶች ሊመጡ፣ የአፑ የተጠቃሚዎች ግምገማ ውጤት ሊነገር ነበር፤ በሞቱ ምክንያት ወደ ሐሙስ ተዛውሯል። ውጤቱ ካማረ አፑ ወደ ወግዲ፣ ወደ አጅባርና ወደ ደጎሎ ይሄዳል፤ የሁሉም ኃላፊ በእውቀቱ ይሆናል።

«ጥያቄ አራት ተቀይሯል?» አለችው።

«ተቀይሮ ከሆነ አዲስ አበባ ያሉት ሠሪዎቹ ናቸው። በየጊዜው ይነካካሉ፤ እኔ በምን አውቃለሁ?»

«ማክሰኞ አልታየች ደውላልህ ነበር?»

«ደውላ ነበር። አረንጓዴ መጣ አለችኝ፣ እንግዲያው ደግ ነው አልኳት። ስለ ደም ያነሳችው ነገር የለም።»

«ሠራተኞቹ ስለ አፑ የሰጡትን አስተያየት ልየው።»

ሃያ አንድ ወረቀት አቀበላት፣ በኩራት። «ሰባተኛውን ጥያቄ እዪልኝ። 'አፑ ለአጠቃቀም አላስቸገረዎትም?' ሃያዎቹ 'አይ' ብለዋል። አላስቸገረንም ማለት ነው። ዘጠና አምስት በመቶ!»

ይርገዱ ወረቀቶቹን አንድ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጋ አስተካከለቻቸው። ሃያው እኩል ሆኑ። አንዱ በአውራ ጣት ስፋት አጠረ። አወጣችው። በሌሎቹ ግርጌ የገጽ ቁጥር አለ፤ በዚህኛው የለም፤ ጠርዙ በመቀስ ተቆርጧል። ላዩ ላይ «ዓባይነሽ» የሚል ስም አለ።

«ይቺ ምን ሆና አጠረች?»

«እ... ፎቶ ኮፒ ማሽኑ በልቷት ይሆናል።»

«ማሽኑ ቀጥ አድርጎ ነው የሚበላው?»

በእውቀቱ ሳቀ። ይርገዱ አልሳቀችም።

*

ዓባይነሽ የምትሠራበት ጤና ኬላ የወረዳው ጫፍ፣ በወግዲ በኩል ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ኔትወርክ የለም። ይርገዱ ሐሙስ በማለዳ ሞተሯን ዳገቱ አናት ላይ ትታ በእግሯ ወረደች። በየድንጋዩ እየተራገመች።

ዓባይነሽ ወፍራም፣ ቀልደኛ ሴት ናት። «ፖሊስ በእግሩ እዚህ ድረስ ሲመጣ ገና ማየቴ ነው! እኔን ለመያዝ ከሆነ ውሃ ጠጪና እንያያዛለን።»

«ስልክሽን አሳዪኝ።»

«እሱን? ከመስከረም ወዲህ ኔትወርክ አግኝቶ አያውቅም። አገሩን ረስቷል።»

ይርገዱ ጥያቄ አራትን ከፍታ አነበበች፤ «ከባድ የደም መፍሰስ አልታየም?»

ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች። «ግምገማው ወረቀት ላይ ምን ጽፈሽ ነበር? ከግርጌው ተቆርጧል።»

«ተቆርጧል?» የዓባይነሽ ፊት ተቀየረ። «ለበእውቀቱ እዚሁ ሲመጣ በእጄ ነው የሰጠሁት። አንብቦት 'ጎበዝ' ብሎኛል! ቆዪ፣ ከመስጠቴ በፊት ፎቶ አንስቼዋለሁ።»

*

ሐሙስ ከሰዓት አዳራሹ ተሞላ። ሰንደቁ ተሰቅሏል፤ «የተጠቃሚዎች እርካታ 95 በመቶ» ይላል። ይርገዱ እንግዶቹን ከፊት አስቀመጠቻቸው። ሰዲቅን፣ ሸህ ሷሊህንና እሜት ፈዲላን አስጠርታለች። ንጉሡ በሩ አጠገብ ቆሟል። ዓባይነሽ ከይርገዱ ጋር መጥታለች። አልታየች በሁለት ፖሊስ መሃል ገባች፤ ሰዲቅ ሲያያት ተነሳ፣ አባቱ እጁን ይዘው አስቀመጡት።

«ባሲማን ማን ገደላት?» አለች ይርገዱ። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ከጩኸት የባሰ ነበር። «ደም መፍሰሱ ከዙህር በፊት ጀምሯል፤ ያጠቧት ይመሰክራሉ። አልታየች ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ስልኩን ሞላች፤ 'አይ' ብላ። ወረቀቱ ይህንን 'ደም የለም' ብሎ ተረጎመው። አሁን አንድ ሙከራ እናድርግ። ሸህ ሷሊህ፣ ይቅርታዎን። ዛሬ ዙህርን አልሰገዱም?»

ሽማግሌው ቀና አሉ፣ ተቆጥተው። «አይ! ምነው ልጄ? ሰግጃለሁ እንጂ!»

«አፉ በሉኝ፣ ሸህ። እንግዶች፣ ሰማችሁ? 'አልሰገዱም?' ስላቸው 'አይ' አሉኝ። ሰግደዋል ማለት ነው። እኛ አገር ሰው 'አልሆነም?' ተብሎ ሲጠየቅ 'አይ' ካለ ሆኗል ማለቱ ነው። ይህ ስልክ ግን 'አይ' የሚለውን ቃል ካየ፣ 'የለም' ብሎ ይጽፋል። ሸህ ሷሊህን ሶላት ያልሰገዱ ሰው አድርጎ ይመዘግባቸዋል። አልታየች 'ደም አልታየም?' ስትባል 'አይ' አለች። እየጮኸች 'ታይቷል!' ማለቷ ነበር። ስልኩ አረንጓዴ አበራላት።»

«ያ አላህ» አሉ እሜት ፈዲላ።

«እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው» አለች ይርገዱ። «ሰው ይሳሳታል፣ ስልክም ይሳሳታል። እኔን ያስቆጣኝ ከዚህ የሚቀጥለው ነው። ስህተቱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነበር።»

አጭሯን ወረቀት አወጣች። «ይህ የዓባይነሽ አስተያየት ነው። ግርጌው በመቀስ ተቆርጧል። ዓባይነሽ፣ የተቆረጠውን አንብቢ።»

ዓባይነሽ ስልኳ ላይ ካለው ፎቶ አነበበች፤ ቀልዷ ጠፍቷል። «'ጥያቄ አራት ግልብጥ ነው። ደም ያየች ሠራተኛ አይ ስትል ስልኩ አረንጓዴ ይላል። ሞክሬ አይቻለሁ። ይህ ሳይስተካከል ሰው ይሞታል።' ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን ነው የጻፍኩት። በእጁ ነው የሰጠሁት።»

ሁሉም ወደ በእውቀቱ ዞሩ።

«ቢስተካከል ኖሮ ግምገማው ከሥር ይፈርስ ነበር» አለች ይርገዱ። «ምክንያቱም ግምገማው ራሱ በዚያው ቋንቋ ነው የተጠየቀው። 'አላስቸገረዎትም?' ሲባሉ ሃያ ሠራተኞች 'አይ' አሉ። አስቸግሮናል አሉ! እሱ ደግሞ ዘጠና አምስት በመቶ ረክተዋል ብሎ ሰንደቅ አሠራ። ይኸው፣ ከላያችን ተሰቅሏል።»

አንዱ እንግዳ ቀና ብሎ ሰንደቁን አየና አንገቱን ደፋ።

«እኔ ሠሪ አይደለሁም!» በእውቀቱ ተነሳ። «ማስተካከያውንም ሠሪዎቹ ናቸው ያደረጉት፤ እኔ ምንም አላውቅም!»

«ስልኩ ውስጥ 'ስለ አፑ' የሚል ገጽ አለ። እንዲህ ይላል፤ 'የመጨረሻ ማስተካከያ፣ ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሃያ። የተነካው ጥያቄ አራት ብቻ። ያዘዘው የመካነ ሰላም አስተባባሪ።' አፑ አርባ ሦስት ጥያቄ አለው፣ አቶ በእውቀቱ። በዚያ ሰዓት ባሲማ ለምን እንደሞተች ማንም አልነገረህም፤ እኔ ራሴ ገና መንገድ ላይ ነበርኩ። ከአርባ ሦስቱ መርጠህ አራተኛውን ብቻ ያስነካህ ምን አውቀህ ነው? ኔትወርክ ያለው ስልክ ሁሉ ተቀየረ። የአልታየችም ስልክ ፖሊስ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ተቀየረ፤ እሷም ውሸታም ሆነች። የዓባይነሽ ብቻ በረሃ ውስጥ ቀረ።»

«እኔ አልገደልኳትም! ቃል ነው የተሳሳተው፣ አንዲት ቃል! ልጅቷ ስለ ደም አልነገረችኝም!»

«ነግራዋለች።»

ድምፁ ከበሩ በኩል ነበር። ንጉሡ ቆቡን በሁለት እጁ ጨብጧል።

«የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎት ነበር፣ ሰምቻለሁ። 'ደሙ አልቆመም፣ ስልኩ ግን አረንጓዴ አለ' ብላ አለቀሰች። እኔ ሞተር አስነሳሁ። ቁልፉን ነጠቀኝ። 'አረንጓዴ ላይ አምቡላንስ ከወጣ አፑ ተሳሳተ ተብሎ ይመዘገባል፤ ነገ እንግዳ አለብኝ' አለ። ሁለቴ ደወለች። ሁለቴ እንዲህ አለ። መኪናዋ ነዳጅ ሙሉ ነበረች።»

ሰዲቅ ከሥፍራው ተወረወረ። ሁለቱ ፖሊሶች መሃል ገብተው ያዙት። በእውቀቱ ወደ ግድግዳው ተጣበቀ።

«በዚህ አገር» አለች ይርገዱ፣ ፊት ለፊቱ ቆማ፣ «አረንጓዴው ውሸት መሆኑን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ አንተ። ቀይ ነው ለማለት አንድ ቃል ይበቃህ ነበር። ለሰንደቅ ብለህ ዋጥከው። ከዚያ ደግሞ ጮኻ የለመነችህን ልጅ በውሸት ወረቀት ወነጀልካት፣ ሐዘንተኛውን ባል በገዛ ደጁ አሳማኸው። ያዙት።»

የአልታየች ጠባቂዎች ትተዋት በእውቀቱን ያዙ። ሲያወጡት ማንም መንገድ አልለቀቀለትም፤ እየገፉት በሕዝቡ መሃል አለፈ።

አልታየች ነጻ መሆኗን የነገራት የለም፤ ገብቷታል። ግን አልተንቀሳቀሰችም። ሰዲቅ ፊቷ ቆመ።

«አፉ በለኝ አልልህም» አለችው። «ደሙን በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼ ስልክ ጠበቅሁ። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምን ቀረው? ሴቶቹን ሰብስቤ እኛው ብንሸከማት ኖሮ? ዓይኔን ትቼ ስልክ አመንኩ።»

የሸህ ሷሊህ መቁጠሪያ ቆመ።

የሰዲቅ ድምፅ ገና ሻካራ ነበር፤ ቁጣው አልወጣለትም፣ የሚወጣለትም አይመስልም።

«ልጁ አልተከተበም» አለ። «አራስ ልጅ ክትባት አለው ትይ ነበር አይደል?»

«አለው። አልፎበታል፤ ግን ይደርሳል።»

«እንግዲያው ነይ። እናቴ ወተት ታጠጣዋለች፣ ብርድም እንዳይመታው ትፈራለች፤ ነይና እዪው።» ፊቱን አዞረ። «በዓይንሽ እዪው።»

እሜት ፈዲላ ተነስተው ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡና ከአልታየች አጠገብ ቆሙ። ከፖሊሶቹ አንዱ ተመልሶ የታሸገውን ስልክ አቀረበላት። «እህቴ፣ ፈርመሽ ውሰጂው እንጂ፣ የሥራ ዕቃሽ ነው» አላት። አልታየች ፈረመች፤ ስልኩን ግን ይርገዱ እጅ ላይ አስቀምጣ ከባልና ከአማት ኋላ ወጣች።